ከገደሉ አፍ ያቆምኩት ቁልል

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴም ለሟች ሚስቴም ተናግሬው አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እየተንገዳገድኩ እጽፋለሁ። አንተ የምታነበው ስማኝ፤ አትዘንልኝ ግን።

ስሜን ተራራ ላይ የእንግዳ መሪ ነበርኩ። ወደ ላይኛው ጫፍ የሚወጣው በቋጥኝ ነው፤ በእጅም በእግርም እየቧጠጡ። ጉም ከወረደ የገዛ እጅህ አይታይህም። ስለዚህ በየመታጠፊያው ድንጋይ እንቆልላለን። ያለፈ ሁሉ አንድ ድንጋይ ይጨምርበታል እንጂ ከቦታው የሚያነሳው የለም። ቁልል ማንሳት በእኛ ዘንድ የሰው ዓይን ከማጥፋት አይለይም።

እኔ አነሳሁት።

አለሙ የሚባል መሪ ነበር፤ ጎረቤቴ። በሰው ፊት «አንተን ከሚከተሉስ ጭላዳ ይምራቸው!» ብሎ ሳቀብኝ። እንግዶቹም ሳቁ። በማግስቱ ቀድሜው ወጣሁና ቁልሉን ከመታጠፊያው አንስቼ ከገደሉ አፍ አቆምኩት። መንገድ ስቶ ይፈር ብዬ ነው። ገደሉ እዚያ መኖሩን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ጉም እንደሚወርድስ? እሱንም አውቅ ነበር።

ጉሙ ወረደ። አለሙ እንግዶቹን አቁሞ መንገዱን ሊያይ ቀደመ፤ በዚያው ቀረ። ሰው ሬሳውን ሲፈልግ እኔ ቁልሉን ወደ ቦታው መለስኩ። አገሩም «መንገዱን እንዲያ እያወቀ እንዴት ይስታል? ሰክሮ ነው እንጂ» አለ። እኔ ለቅሶው ላይ ተቀምጬ «አዎ፣ ይጠጣ ነበር» አልኩ። ሁለቴ ገደልኩት።

ሸሽቼ ጅቡቲ ገባሁ። ካርቲየ 3 በሚሉት ሰፈር፣ አንድ ነጋዴ ቤት በር ስጠብቅ አረጀሁ። ዘንድሮ ለቤቱ ሠራተኛ መጣች፤ ፈንታነሽ ትባላለች። ከናጋድ ባቡር ጣቢያ ሻንጣዋን ተሸክሜ ያመጣኋት እኔው ነኝ። የማን ልጅ ነሽ አልኳት።

«የአለሙ፤ ስሜን ተራራ ላይ እንግዳ ይመራ ነበር። ሰክሮ ገደል ገባ አሉ። እኔንም አባባ፣ የሰካራም ልጅ እያሉ ነው ያሳደጉኝ።»



ከዚያ ወዲህ ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አቧራው መንገዱን እንደ ጉም ይውጠዋል። ሲገለጥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቆልሎ አያለሁ። መጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ ነበር። ቀጥሎ ከመብራቱ እንጨት ሥር። ቀጥሎ ከበሩ ጥግ።

«አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«እኔ? ድንጋይ ልቆልል? አባባ፣ ሙቀቱ አናትዎ ላይ ወጣ መሰለኝ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ የአባቷ ነው።

ዛሬ አቧራው ሲገለጥ ቁልሉ ከወንበሬ ፊት ቆሟል። የላይኛውን ድንጋይ በጣቴ ዳሰስኩት። በዚህ ከተማ፣ በዚህ ቀትር፣ ውርጭ እንዳደረበት ይቀዘቅዛል። ከቦታው አላነሳሁትም።

ወረቀቱን አሁን እሰጣታለሁ፤ በማንበቡ ከእኔ ትሻላለች። ይቅር በይኝ አልላትም፤ በምን አፌ?

ፈንታነሽ፣ አባትሽ አልሰከረም። ጉም ሲወርድ ሁላችንም እንደምናደርገው ቁልሉን አምኖ ሄደ። እዚያ ያቆምኩት እኔ ነኝ።