ያልገባኝን ያስተረጎምሁ ዕለት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህን ከምላሴ ሥር እያስቀረሁ ኖሬአለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ የዘይት መጭመቂያ ጸሐፊ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነው። እንግሊዝኛውንም በማታ ትምህርት ከመጽሐፍ ለቃቅሜ ያገኘሁት ነውና እኮራበት ነበር።

አንድ ቀን የእንፋሎት ማፍያው ቦይለር ፈንድቶ ሁለት ሠራተኞች ተቃጠሉ። ቦይለሩን የሚጠብቀው ሰይድ በአሻጥር ተከሰሰ። ማሽኑ ከተሠራበት አገር አንድ ባለሙያ መጥቶ መረመረና ያገኘውን ለመርማሪ ኮሚቴው እንዲያስረዳ ተጠራ። የሰይድ ሚስት ዘይነባ፣ «እባካችሁ፣ ከኮሌጁ የማሽን መምህር ይምጣና ያስተርጉምልን» ብላ ለመነች። ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ ብርቄ፣ ትችይዋለሽ ወይስ ሰው እንፈልግ?»

«የኛ ፈረንጅ እያለች ምን ሰው ያስፈልጋል!» አለ አንዱ፤ ተሳቀ።

«እችላለሁ» አልሁ።

ለምን አልሁ? እኔ የኑግና የፋጉሎ ደብዳቤ እንጂ የብረት ነገር መች አውቅ ነበር? ባለሙያው ስለ እንፋሎቱ ግፊት፣ ስለ ብረቱ ጠባይ ብዙ አስረዳ። ጫፍ ጫፉን ያዝሁ፤ መሐሉ ጨለመብኝ። «ይድገምልኝ» ማለት አፈርሁ። «ማሽኑ ጤነኛ ነበር፤ ጥፋቱ የጠባቂው ነው ይላል» አልሁ። እኔ አልሁ። እሱ አላለም።

ሰይድን ወሰዱት።

ባለሙያውን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ስሸኝ፣ «ብረቱ ሲሠራ ጀምሮ ከውስጥ የተሰነጠቀ ነው፣ ሰውየው አላጠፋም ብያቸው ለምን አሰሩት?» ሲል ጠየቀኝ። ይህንስ አጥርቼ ሰማሁት። «አላውቅም» አልሁት።

የመጀመሪያውን አለማወቅ እንበለው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ምን እለዋለሁ? ተመልሼ «ተሳስቻለሁ» ማለት አልችልም ነበር? እንዳይታሰር የሚፈራ ሰው አለ፤ እኔ ግን እስሩን አልነበረም የፈራሁ። «ለካ አትችልም» መባልን ነው።

ሰይድ የተፈታው ደርግ ሊወድቅ ሲል ነው። ደረቱ አልቆ ወጣ፤ ብዙም አልሰነበተ። ለቅሶ ስደርስ ዘይነባ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

«እርስዎ ምን ያድርጉ እትዬ ብርቄ፤ እሱ ያለውን ነው ያሉ። ያን ፈረንጅ ግን አላህ ይፍረድበት!»

«አሜን» አልሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የዘይነባ ነው፤ እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ የምትረግመው ያን ንጹሕ ሰው ነው።