የአክስቴ ቤትና የእኔ ምላስ

አክስቴ ሊመነኩሱ ሲነሡ ከዚህ ዓለም የያዘቻቸው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ ቤታቸው። ከሐይቁ ዳር መንገድ ገባ ያለች፣ በጓሮዋ ጌሾና አንድ የማንጎ ዛፍ ያለባት የጭቃ ቤት ናት። ትርፍ ቤት ሁሉ ሲወረስ እሷ የተረፈችው ራሳቸው ስለሚኖሩባት ነው። አሁን እሳቸው ደሴት ሊገቡ ነው፤ ባዶዋን ከተገኘች ደግሞ ቀበሌው ይረከባታል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ቀርበው ውክልና ሰጡኝ።

«ሽጣት። ዋጋዋ ለገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ክዳን ይሁን። ከዚያ ወዲያ ግን ለምንም ነገር ወደ ከተማ እንዳትጠራኝ። የባሕር ዳርን መሬት ዳግም ላልረግጥ ለፈጣሪዬ ቃል ገብቻለሁ» አሉኝ።

«ጣና ቢደርቅ እንኳ አልጠራዎትም!» አልሁ።

ወላጆቼ ሲሞቱ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በዕድሜያቸው ሙሉ ከእኔ የለመኑት ይህንኑ ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር፤ በይበልጥ የምታወቀው ግን በወሬዬ ነው። የያዝሁትን ዓሣ ሳወራ፣ ጭንቅላቱን ባሕር ዳር ያየ ሰው ጅራቱን ለማየት የሐሙሲት አውቶቡስ መሳፈር ነበረበት።

ገዥ አላጣሁም። ከሐረርጌ ተዛውሮ የመጣ አንድ አስተማሪ ቤቷን አይቶ ወደዳት። ነገሩን ለመጨረስ ሻይ ቤት ገባን።

«ባለቤቷ የት ናቸው?» አለኝ።

«መንኩሰዋል» ብዬ ዝም ብል ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ። ዳሩ ግን በዙሪያችን የተቀመጡት ጆሯቸውን ሲያዞሩ አየሁ። ጆሮ ከዞረልኝ ደግሞ ማቆም አይሆንልኝም።

«ወይ አክስቴን! ግንዘት ሲደገምላቸው ቆሜ አልነበር?» አልሁት። «በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው፣ ተጋድመው፣ ካህናቱ ዙሪያቸውን ከበው! የእኔ እንባ ብቻ ጣናን አንድ ክንድ ከፍ አድርጎት፣ ዓባይ ድልድዩን ሊወስደው ምንም አልቀረው!»

ለአገሬው ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ሰው ሲመነኩስ ለዚህ ዓለም ሞቷል ተብሎ የቀብሩ ጸሎት በቁሙ ይደገምለታል። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ግን አልሳቀም። የቀልዴ ጣዕም ያለው መጨረሻው ላይ ነበር፤ አክስቴ ከግንዘቱ ተነሥተው ቆብ ከደፉ በኋላ «የግቢውን በር ዘግተኸው መጣህ?» የሚሉኝ ላይ። እሱ እዚያ ሳይደርስ «ክፍል አለኝ» ብሎ ወጣ። እኔም እሱን ትቼ ለቀሩት ጨረስሁላቸው።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራሁ። አስተማሪው አግዳሚ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሰውየው አልከሰሰኝም፤ «የሞተ ሰው ቤት በውክልና ይሸጣል ወይ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «የወከለ ሰው ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይቀራል። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ለአክስትህ ግንዘት ተደግሟል?»

«ተደግሟል፤ ግን...»

«ተሸፍነው ነበር?»

«ነበር፤ ግን ተነሥተው ቆብ ደፉ እኮ!»

ጥበቃዎቹ ሳቁ። ሊቀመንበሩ ድሮ ዲያቆን እንደነበረ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የምንኩስናን ሥርዐት ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሦስት ጢማሞች ሥር ተቀምጦ ግን ማወቅ አልቻለም።

«በሕይወት ካሉ ይቅረቡና ይናገሩ። አለዚያ ቤቷ ትታሸጋለች» አለ።

«ከተማ ላይገቡ ቃል ገብተዋል፤ እባክህ...»

«ሻይ ቤት ስታወራ እባክህ አላልህም አሉ!»

ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ሰው ሲስቅ እኔ ሳልስቅ የቀረሁት ያን ጊዜ ነው።

ደሴቷ ላይ ስደርስ አክስቴን ለማኅበሩ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ሰዎቹ ሳቁ?» አሉኝ ብቻ።

«ሳቁ፣ እማሆይ።»

ሰፌዱ ላይ የቀረውን ምስር ለቅመው ጨረሱ። ከዚያ ተነሥተው እመ ምኔቷን ለማስፈቀድ ሄዱ።

የባሕር ዳር ዳርቻ ስንደርስ ከታንኳዋ አልወርድም አሉ። «መሬቱን አልረግጥም። የሚጠይቀኝ እዚህ ይምጣ።»

እየሮጥሁ ሄጄ ለሊቀመንበሩ ነገርሁት። እያጉረመረመ መጣ፤ አስተማሪውም መጣ። ከኋላቸው ግን የሻይ ቤቱ ደንበኞች፣ የሰፈሩ ሴቶች፣ የእድሩ ሰዎች ሁሉ ተከትለው መጡ። ሊያዩ የመጡት ሞተው የተነሡትን ነው። የድሮ ጎረቤቶቻቸው ሲያዩዋቸው አለቀሱ፤ አንዱ ደግሞ ከኋላ «እማሆይ፣ የግቢውን በር ዘግቶት ነበር?» ብሎ ጮኸ። ሰው ተንከተከተ። እኔ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ የታንኳዋን ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ። አክስቴ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት።

ሊቀመንበሩ ውሃው ጫፍ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። «እማሆይ፣ ቤቱን እንዲሸጥ የወከሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ዛሬም ፈቃድዎ ነው?»

«ነው።»

አስተማሪው ባርኔጣውን አወለቀ። «ይቅር ይበሉኝ እናቴ፤ ያገሩን ደንብ አላውቅም።»

«አንተ ምን አጠፋህ ልጄ። ግባባት፤ ትባረክልህ።»

ከዚያ ፊታቸውን ከእኔ ወደ ሐይቁ መለሱ። ቀዛፊው ታንኳዋን ገፋት።

ውሉ ሲያልቅ ገንዘቡን ይዤ ደሴት ተሻገርሁ። የገዳሙ በር ላይ አንዲት መነኩሲት ተቀበሉኝ።

«አክስቴን ይጥሩልኝ።»

«ቀኖና ላይ ናቸው፤ ሰው አያነጋግሩም።»

«የምን ቀኖና?»

«ቃሌን አፈረስሁ ብለው ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው የተቀበሉት ነው።»

«መሬት አልረገጡም እኮ! እግራቸው ከታንኳዋ አልወረደም፤ እኔ ምስክር ነኝ!»

«እሱንስ ነግረውናል» አሉ መነኩሲቷ። «ጎረቤቶቼን ባየሁ ጊዜ ግን ልቤ ወርዶ ከተማውን ዞረው ነው የሚሉት።»

ገንዘቡን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ተቀብለው፣ «ምን ብሏል ልበልልህ?» አሉኝ።

ስለ አንድ ዓሣ ሲያወራ የሚያመሽ ሰው አፉን ከፍቶ ቆመ።

«ቤቷ ተሸጠች በሉልኝ» አልሁ።