የማይጮኸው ካርታ

ላንቴ ውስጥ ጎርፍ የሚመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ይህን የማያውቅ እንግዳ ሐሬ ወንዝ ዳር ቆሞ ቀና ቢል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የሙዙ ቅጠል በሙቀት ተጨማዶ ሲያይ፣ «እዚህ ደግሞ ምን ጎርፍ አለ?» ይላል። ጎርፉ ግን የላንቴን ሰማይ አይጠይቅም። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ፣ ጨንቻና ዶርዜ ተራራ ላይ ነው። እዚያ የወረደው በየገደሉ ይንሸራተታል፣ በየሸለቆው ይጠራቀማል፤ ከዚያም ድንጋይና ግንድ እየነዳ፣ ጠብታ ያልነካው አሸዋ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው ድረስ ይመጣል። ደራሽ ውሃ የተባለውም ስለዚህ ነው።

ገነነ ኦይታን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ውሃ ነበር። ገነነ የታችኛው ቦይ የውሃ አባት ነው። የውሃ አባት የመስኖውን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያድል፣ ያጠፋውን ሰው ተራ የሚሽር ሰው ነው። ተራው ያለፈበት ገበሬ ውሃ እንደገና እስኪደርሰው ሙዙ ዓይኑ እያየ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ ላንቴ ውስጥ ተራ እንደ ልጅ ይጠበቃል።

ቦዩ ውሃ የሚቀዳው ወንዙ መሃል ከተሠራና ውሃውን ወደ ጎን ከሚመልስ የድንጋይ ጠለፋ ነው። ወንዙ ደለል እያመጣ የቦዩን አፍ ይደፍነዋል። ሲደፈን የማኅበሩ አባል ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወንዙ ሆድ ውስጥ ይገባል። ዳርና ዳሩ ገደል ነው፤ መውጫው አንዲት ቀጭን መንገድ። ሰው እዚያ ውስጥ እያለ ደራሽ ቢመጣ የሚሆነውን ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ባለፈው በልግ ውሃ ሊጠጡ የወረዱ ጥንድ በሬዎችን ሲወስድ፣ በሬዎቹ ቀና እንኳ ሳይሉ ነበር። ለጠረጋ ከሚገቡት መካከል ደግሞ የገነነ ሚስት ኢየሩስና ወንድሟ ሲላስ ሁልጊዜ ነበሩበት።

ድሮ አንድ ሰው ጉብታ ላይ ወጥቶ ተራራውን ይጠብቅ ነበር። ችግሩ፣ በልግ ሲገባ ተራራው በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ደመና ይለብሳል፤ ደመና ሁሉ ደግሞ ዝናብ አይደለም። ገነነ የፈለገው ደመናው ሆዱ ውስጥ የያዘውን የሚያይ ዓይን ነበር። ነገር እስኪገባው ድረስ የማያርፍ ሰው ነው፤ የማኅበሩ ፓምፕ የተገዛ ዕለት ውሃ ከመሳቡ በፊት ፈትቶ ያየው እሱ ነው። እናም አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ ስልክ ወደምትጠግነው ወደ ቤተልሔም ሄደ።

ቤተልሔም ችግሩን ሰምታ አንድ ቪዲዮ ከፈተችለት። ውጭ አገር ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሰዎች በመኪና ወደ ጥቁሩ ይነዳሉ።

«እነዚህ ማዕበል አሳዳጆች ናቸው፣ ጋሼ» አለችው። «ሥራቸው ነው።»

«እኛን ዝናብ ያሳድደናል፣ እነሱ ዝናብ ያሳድዳሉ?»

«ይሄን ራዳር እያዩ ነው የሚከተሉት። ቀይ ካለበት ይሸሻሉ።»

«ታዲያ አንዱን ወደ ላንቴ ላኪልኝ።»

«እኔ መላክ የምችለው አፑን ነው» ብላ ሳቀች።

ራዳር እንዴት እንደሚሠራም ነገረችው። ገደል አፋፍ ላይ ቆመህ ስትጮህ ድምፅህ ዓለቱን መትቶ ይመለሳል አይደል? ራዳርም እንደዚያው ነው። ከማማ ላይ ሞገድ ወደ ሰማይ ይልካል፤ ሞገዱ የዝናብ ጠብታ ሲያገኝ ይመለሳል። ብዙ ከተመለሰ ብዙ ዝናብ አለ ማለት ነው፤ ካርታው ቀይ ይሆናል። ጥቂት ከተመለሰ አረንጓዴ። ምንም ካልተመለሰ ካርታው ንጹሕ። ገነነ በደስታ ጭኑን መታ። ደመናን ጠርቶ መልስ መስማት! ከዚህ የተሻለ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ይሁን እንጂ የሰሙትን ወዲያው ማመን ልማዱ አይደለምና፣ ሦስት አፖችን አስጭኖ ሊያወዳድራቸው ቆረጠ። የመጀመሪያው በስሌት የሚተነብይ ነው፤ ዝናብ ይመጣል ብሎ ሲያስብ ይጮኻል። ሁለተኛው የሳተላይት ሥዕል ያሳያል፤ ደመናውን ከላይ ያያል እንጂ ከሥሩ መዝነቡን አያውቅም። ሦስተኛው የአሳዳጆቹ ራዳር ነው።

ውድድሩ በልጉን ግማሽ ወሰደ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አፖች አንዱ ዝናብ ወይም ደመና ባሳየ ቁጥር ገነነ የሲላስን ሞተር አስነስቶ የጨንቻን ጠመዝማዛ መንገድ ይወጣል፤ ደመናው ሥር ይገባና እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ጉም ብቻ ነበር።

«ቤንዚኔን ለጉም አጠጣኸው» ይለዋል ሲላስ።

«ጉም መሆኑን ያወቅነው በቤንዚንህ ነው።»

አንድ ቀን ግን እውነተኛ በረዶ መታው። ሞተሩን ጥሎ ቀርከሃ ሥር ተጠለለና ሦስተኛው አፕ ምን እንደሚል ለማየት ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም። እዚያ ተራራ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ኔትወርክ ቀድሞ ይሄዳል። «ይህ አይቆጠርም» አለ በልቡ፤ ያቺን ቀን ከውድድሩ አወጣት። ትክክለኛ ፍርድ መስሎት ነበር።

ታች ላንቴ ደግሞ ሰው ተማሮ ነበር። የመጀመሪያው አፕ በጮኸ ቁጥር ገነነ ሁሉን ከወንዙ ያስወጣል፤ ቦዩ ዳር ሙዙን ሲያጠጣ የነበረም ሰው ትቶ ይወጣል፤ ተራው በከንቱ ያልፋል። «ገነነ፣ ዛሬስ ስንት ጊዜ ልታዘንብብን ነው?» ይሉታል መንገድ ላይ።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ውጤቱን በቅደም ተከተል አስረዳ። የመጀመሪያው ይዋሻል። ሁለተኛው ደመናን ከዝናብ አይለይም። ሦስተኛው ግን ንጹሕ ነው ባለባቸው ቀናት ሁሉ ተራራው ድረስ ወጥቶ ያገኘው ጉም ነው፤ አንድም ቀን በከንቱ አልጮኸም።

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፤ ምርጫው በሳቅ ጸደቀ። ሲላስም ያንኑ ዕለት ሦስተኛውን ስልኩ ላይ አስጫነ።

የቦዩ አፍ እንደገና ሲደፈን ለጠረጋ ወጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ኢየሩስ ከሴቶቹ ጋር አሸዋ በከረጢት ታወጣለች፤ ሲላስ ጠለፋው ሥር፣ ጥልቁ ላይ ድንጋይ ይፈነቅላል። ገነነ ገደሉ አፋፍ ላይ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። ካርታው ንጹሕ ነው። ተራራው ግን ከወገቡ በላይ ጠፍቷል፤ የሸፈነው ደመና ነጭ አልነበረም፣ የበሰለ ቁስል መልክ ነበረው።

ወይዘሮ ቲጂ ከረጢቷን አስቀምጣ አጠገቡ ቆመች። ዕድሜዋ የገፋ፣ ወንዙን ከልጅነቷ የምታውቅ ሴት ናት።

«ልጄ፣ ነፋሱ ቀዘቀዘ።»

«ካርታው ንጹሕ ነው፣ እማማ።» አሳያት።

«እኔ ካርታ አላልኩም፤ ነፋስ ነው ያልኩት» ብላ ወደ ሥራዋ ወረደች።

ገነነ ተራራውን አየ፣ ካርታውን አየ። አንዱ ጥቁር ነው፣ ሌላው ነጭ። ሁለቱ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ያኔ ነው የፓምፑ ቀን የነበረው ጠባዩ የተነሳበት፤ ካርታውን በአውራ ጣቱ መግፋት ጀመረ። አርባ ምንጭ፣ ንጹሕ። ሶዶ፣ ንጹሕ። ኮንሶ፣ ንጹሕ። በዚህ በልግ፣ በዚህ ሁሉ አገር ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ የለችም። ገፋ፣ ገፋ፤ ባሕር ተሻግሮ ስሙን የማያውቀው አገር ላይ ሲደርስ ቀለም አገኘ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ መሃሉ ላይ ሰፊ ቀይ። አስፍቶ ተመለከተው። ቀዩ ዝናብ እየሰፋ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ፣ በብርጭቆ አፍ እንደተለካ ክብ፣ ተቆርጦ ይቀራል። ከክቡ ወዲያ ንጹሕ ነው።

ዝናብ በክብ አይቆረጥም። የተቆረጠው ዓይኑ ነው። ማማው ሞገዱን የሚልክበት ርቀት እዚያ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠራም፣ ስለዚህ ማንም አልመለሰም። ላንቴን የሚያይ ማማ ደግሞ ስለሌለ፣ እዚህ ክብ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። እስከ ዛሬ ንጹሕ ሰማይ ብሎ ያነበበው የዕውር ዓይን ነበር። ዋሽቶ የማያውቀውም ተናግሮ ስለማያውቅ ነው።

ገነነ ስልኩን እንደያዘ ተነስቶ ጮኸ፤ «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!»

«ካርታው ምን አለ?» አለ አንድ ሰው ቀና ሳይል።

«ካርታው አያይም!»

ሳቁበት። አፑ ዝም ይላል ብሎ ያስመረጣቸው እሱ፣ አሁን ዝም አለ ብሎ ሊያስወጣቸው ነው። ስለ ክቡ ሊያስረዳ ጀመረ፤ ማንም አልሰማውም። ሰው ሞትን ባያምን ምን ያምናል ብሎ አሰበ። ከዚያ የላንቴን ሰው ምን እንደሚያንቀሳቅሰው አስታወሰና ድምፁን አረጋጋ።

«እንደ ውሃ አባት ነው የምናገረው። የሚቀጥለው ተራ በአወጣጣችሁ ነው፤ ቀድሞ የወጣ ቀድሞ ያጠጣል። የቀረ ተራው ተሽሯል።»

ወንዙ ውስጥ መጀመሪያ አንድ ዶማ ተጣለ። ከዚያ ከረጢት ተጣለ፣ አካፋ ተጣለ፤ ቀጭኗ መንገድ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ። እየተሳደቡ ወጡ። ኢየሩስም ወጣች፤ ባሏን የምታየው እንዳበደ ሰው ነበር።

ሲላስ ግን አልወጣም። ከሥር ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየ። «ንጹሕ ነው እኮ! አንተው አይደለህ ያስጫንከኝ? ይህቺን ድንጋይ ካላነሳሁ የናንተም ተራ ደረቅ ነው!»

ገነነ ወረደ። ኢየሩስ እጅጌውን ልትይዝ ሞከረች፣ አልደረሰችበትም። አሸዋው ላይ ሲቆም አንድ ነገር አስተዋለ፤ ጠዋት ጉልበት የሚደርሰው ውሃ አሁን ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ወንዙ እየቀነሰ ነው። ከላይ የሆነ ቦታ ግንድና ድንጋይ ሸለቆውን ዘግቷል ማለት ነው፤ የተዘጋው ደግሞ ሲፈርስ ባንዴ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የሐሬ ግን ከመውሰዱ በፊት ዝም ይላል።

ሲላስን በጉልበት ማውጣት አይቻልም፤ ከገነነ በእጥፍ ይበረታል። ማስረዳት ብቻ ነው ያለው፣ ቶሎ።

«ስልክህን ስጠኝ። ይኸው ላንቴ። ግፋው። ባሕር። ግፋው። ይህን ቀይ አየህ?»

«አየሁ።»

«የት ነው የሚያልቀው?»

ሲላስ አየ። «እዚህ። ክብ ነው።»

«ዝናብ በክብ ያልቃል?»

ሲላስ ለአፍታ ክቡን ተመለከተው። ከዚያ እግሩን አየ፤ የቆመው እርጥብ ጠጠር ላይ ነው፣ ውሃ የለም። ዶማውን ጥሎ የገነነን ክንድ ያዘና እየጎተተው ሮጠ።

መንገዷ አጋማሽ ላይ ሳሉ ድምፁ መጣ። የውሃ ድምፅ አልነበረም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ነው፣ ከመሬት ሥር እንደሚመጣ። ከላይ እጆች ወርደው ጎተቷቸው። ወንዙ ጥግ ሲታጠፍ መጀመሪያ ግንዶች ታዩ፣ ከኋላቸው ቡናማው ግድግዳ። ጠለፋው እንደ ተራራ የሚከብድ ይመስላቸው ነበር፤ ሲሄድ ግን እንኳን ሊቋቋም፣ ሳይንገዳገድ ባንዴ ሄደ። የተሳደቡት ሁሉ ቆመው አዩ። ማንም ተራውን አልጠየቀም።

ግን ሙዝ ድንጋጤ አያውቅም፤ ውሃ ይፈልጋል። ጠለፋው እንደገና መሠራት ነበረበት፤ ለመሥራትም ወንዙ ሆድ ውስጥ መግባት ነበረበት። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ «የትኛውን አፕ እንያዝ?» ብለው ሲጠይቁት ገነነ መልስ አዘጋጅቶ ነበር። ጨንቻ የሚኖር ሀብተሚካኤል የሚባል ሸማኔ ወዳጅ አለው። ሰዎች ወንዝ ውስጥ ባሉበት ቀን ሀብተሚካኤል በየግማሽ ሰዓቱ ደውሎ «ደረቅ ነው» ይላል።

«ኔትወርክ ቢጠፋስ?» አለ ሲላስ።

«ካልደወለ ዘንቧል። ዝም ካለ እንወጣለን። በዝምታ የወጣ ሰው ደግሞ ተራው አይነካም፤ ይህን ሕግ አሁን አጽድቁልኝ።» በዚህኛው ስብሰባ ማንም አልሳቀም።

አዲሱ ጠለፋ የተጀመረ ዕለት ስልኩ ጠዋት ደጋግሞ ጮኸ፤ በጮኸ ቁጥር «ደረቅ ነው» የሚለውን ድምፅ ሁሉም እንዲሰማው ገነነ ከፍ አድርጎ ያዘው። እኩለ ቀን ሲቃረብ ተራራው ልብሱን ለበሰ። የሚቀጥለው ጥሪ ሰዓቱ ደረሰ። አለፈ። ገነነ ራሱ ደወለ፤ ስልኩ አይሠራም የሚለውን የሴት ድምፅ ሰማ። ወንዙ ውስጥ ያሉት አንድ በአንድ ቀና አሉ። ፀሐይዋ ላንቴን ታቃጥላለች፤ ውሃው ጥርት ብሎ ይፈሳል። መጀመሪያ ዶማውን ትከሻው ላይ ያደረገው ሲላስ ነበር። ሌሎቹም ከኋላው ተሰልፈው፣ ማንም ማንንም ሳይገፋ፣ ቀጭኗን መንገድ ወጡ፤ አፋፉ ላይ ተቀምጠውም ወደ ላይ፣ ምንም ወደማይታይበት ይመለከቱ ጀመር።