ቀዩን የነቀልኩ ዕለት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ደርግ ነበር፣ እኔም ገና ጢሜ አልወጣም፤ ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ። ነገሩን ያስታወሰኝ የልጄ ጽጌረዳ ነው። ልጄ እዚህ ጋምቤላ ከተማ ነርስ ናት፤ የምኖረውም ከሷ ጋር ነው። ጽጌረዳውን በተቆረጠ ጀሪካን ተክላ በረንዳው ላይ አኑራዋለች። ሲፈነዳ ቢጫ ነው። በማግስቱ ጫፍ ጫፉ ይቀላል፤ በሦስተኛው ቀን ቢጫው የት እንደገባ አይታወቅም። ፀሐዩ ሳይበረታ አጠገቡ ተቀምጬ እሱን ማየት ሥራዬ ሆኗል። ባለፈው ልጄ መጥታ፣ “አባዬ፣ ይሄኛው ታሟል መሰለኝ፣ ልቁረጠው?” አለችኝ። እጇን ያዝኳት።

ከወሎ በሰፈራ እዚሁ ጋምቤላ፣ አቦቦ እንደመጣን አባቴን ወባ ወሰደው። እናቴንና እህቴን የማበላው እኔ ሆንኩና የመንግሥት ጥጥ እርሻ ላይ ለአረም ተቀጠርኩ። ጥጥ ሲፈተል እንጂ ሲበቅል አይቼ አላውቅም። ከጎኔ ያለው መስመር የአንድ አኙዋ ሽማግሌ ነበር። እሱ በሚናገረው አማርኛ ውስጥ “እርስዎ” የሚባል ነገር ስለሌለ፣ አለቃችንን ካቦውንም እኔንም እኩል “አንተ” ይለናል። ምሳ ሰዓት ላይ የበቆሎ ንፍሮውን በደረቅ ዓሣ ያካፍለኛል። የዓሣው ሽታ መጀመሪያ አስቸግሮኝ ነበር፤ ረሃብ ግን ቶሎ ያላምዳል።

ጥጡ ሲያብብ ወተት ይመስል ነበር። በማግስቱ ስመጣ የትናንቱ አበባ ሁሉ ቀልቷል። እኔ ሰብል ላይ የማውቀው ቀይ አንድ ነው፤ ዋግ። ስንዴያችንን ዋግ የመታው ዓመት አባቴ ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሽማግሌው ያን ቀን አርፍዷል፣ የምጠይቀው ሰው የለም። ወደ ሌላው ሳይዛመት ብዬ ቀይ ያየሁበትን ሁሉ ከነሥሩ ነቀልኩ። እንዲያውም የምመሰገን መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ሲደርስ የመስመሬ ግማሽ ባዶ ነው። ከነቀልኩት አንዱን አነሣና የጠወለገውን ቀይ አበባ ገፈፈው። ከአበባው ሥር ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ፍሬ ወጣች።

“ጥጥ ይሄ ነው” አለኝ። “ቀይ ሆነ፣ ወደቀ፣ ጥጥ መጣ። አልታመመም።”

ያኔ የመንግሥት ሰብል የነቀለ ሰው መባረር ብቻ አይደለም፤ አሻጥረኛ ተብሎ ይታሰራል። እናቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ካቦው መጥቶ ማነው የነቀለው ሲል ሽማግሌው ቀደመኝ።

“መስመር የሰጠኸው አንተ። አንተ አላስተማርክም፣ እኔም አላስተማርኩም። እሰር ካልክ ሦስታችንን እሰር።”

ካቦው ተራ በተራ አየንና፣ ውሃ የተኛበትን ማሳ አርማችሁ ሳትጨርሱ ፊቴ እንዳትቆሙ ብሎን ሄደ። ሳምንት ሙሉ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ሆነን ስናርም ሽማግሌው አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቀይ አበባ ባገኘ ቁጥር ግን ይጠራኝና፣ “ይሄስ? ትነቅላለህ?” ብሎ ይስቅብኛል።

አሁን እኔ የሱን የዚያን ጊዜ ዕድሜ ሳላልፍ አልቀርም። ሳስበው አበባው አይደለም የሚገርመኝ። አገሩ የሱ ነው፤ እኛ በመኪና ተጭነን መጥተን የሰፈርንበት ነን። ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር። ለምን እንዳልተወኝ ሳልጠይቀው ሞተ። ስሙ ኦጁሉ ነበር።