አዴ ድንቂቱ ሲንቄ ያነሱ ቀን

ጎማ ሲቃጠል በሸተተኝ ቁጥር ቀኝ እጄን ቀሚሴ ላይ እጠርጋለሁ። ዛሬም ጎሚስታው በር ላይ ጠረግኩት።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አምቦ መሀል መንገድ ላይ ጎማ አቀጣጥለን ወታደሮች ላይ ድንጋይ እንወረውር ነበር። እነሱም ተኮሱ። ያኔ የእድራችን ሰብሳቢ አዴ ድንቂቱ፣ ሲዳሩ እናታቸው የሰጧቸውን በትር፣ ሲንቄያቸውን፣ ከፍ አድርገው መሀል ገቡ። ሴት ሲንቄ ይዛ መሀል ከገባች ጠብ ይቆማል። ከሩቅ የመጡት ወታደሮች ይህን ባያውቁም አፈሙዛቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ እያወቅኩ ወረወርኩ። ድንጋዩ ግንባራቸውን ፈነከተው፤ ሲወድቁ ተኩሱ እንደገና ተንጣጣ።

እናቴ ቤታችን አስገብታ ደማቸውን አጠበች። ሳፋውን የያዘው እጄ ጎማ ጎማ ይሸት ነበር።

«ወታደሮቹ ናቸው የመቱዎት?» አለቻቸው።

አዴ ድንቂቱ እጄን እያዩ፣ «ምነው እነሱ በሆኑ!» አሉ።