ሱሪም ቀሚስም የለበሰ ቃል

ነጌሌ ቦረና ውስጥ አባቷን «እናቴ» እያለች የምትጠራ አንዲት ልጅ ነበረች፤ እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜም እንዲሁ ይል ነበር፤ እሱ ግን ድሮም ስለማያፍር አይቆጠርም።

እናታችን የሞተችው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ እኔ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ወንድሜም ጡት ሳይጥል ነው። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። ቦረናዎቹ «ሀኪማ ሎኒ» ይሉታል፣ የከብት ሐኪም። ሁለት ሕፃናት ይዞ ግራ ሲገባው ታናሽ እህቱን ከአገር ቤት አስመጣ። አክስቴ ሁለት ዓመት ቆይታ፣ ወንድሜን በእግሩ አስቁማ፣ ባል ሲመጣላት ተመለሰች። ትታልን የሄደችው ነገር ቢኖር አንድ ቃል ነው። በእነሱ አገር ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም፣ «አያ» ይባላል። ቀኑን ሙሉ «አያ፣ ራትህ ቀርቧል»፣ «አያ፣ ልጁን አተኮሰው» ስትል ወንድሜ አፉን በዚሁ ቃል ፈታ፤ እኔም ተከተልኩት። ከዚያ በፊት አባቴን ምን ብዬ እጠራው እንደነበር ዛሬም ትዝ አይለኝም።

ጣጣው በቦረና ኦሮምኛ «አያ» እናት ማለት መሆኑ ነው።

ሰፈሩ መጀመሪያ ያዘነልን ይመስለኛል። እናታቸው የሞተችባቸው ሁለት ሕፃናት ከአባታቸው ሞተር ሳይክል ኋላ «እናቴ፣ እናቴ» እያሉ ሲሮጡ ቢያይ ማን አያዝን? ሴቶቹ ወተት ይልኩልን ጀመር። አባቴ የወተቱ ምክንያት ሲገባው ሦስት ቀን ሙሉ ብቻውን ሳቀ። ወተቱን ግን አልመለሰም።

አክስቴ ከሄደች በኋላ የሚተወን ሰው ስለሌለ ወደ ሥራው ይዞን ይዞር ነበር። አንድ ጊዜ ተልተሌ ወርደን፣ እሱ ከብት ሲከትብ እኔ ከአጥሩ ላይ ሆኜ «አያ፣ ውሃ ጠማኝ» ብዬ ጮህኩ። ከብቶቻቸውን ያመጡ አንዲት አሮጊት ግራ ቀኝ ዞረው እናቴን ፈለጉ። የጠራሁት እሱን መሆኑ ሲገባቸው ቀረብ ብለው ፀጉሬን ዳሰሱ፤ ማን ነው እንዲህ የሠራት ሲሉ ጠየቁ። አባቴ እኔው ነኝ አለ። እውነቱን ለመናገር ጥጃ የሚታሰርበት ገመድ ነበር የሚገምድልኝ፤ ቅንድቤ ሁሉ ወደ ላይ ተስቦ ሁልጊዜ የደነገጥኩ እመስል ነበር። አሮጊቷ እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ፤ ከዚያ ፈቱኝና እጁን በእጃቸው ይዘው አንድ በአንድ አሳዩት። ከብቱ ሁሉ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ ከሰፈራችን ሴቶች ልጆች ሹሩባዬን የሚስተካከል አልነበረም።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ ሳቁ ወደ እኔ ዞረ። ትምህርቱ በኦሮምኛ ሆኖ አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጠን ነበር። አንድ ቀን የአማርኛ መምህራችን ስለ ጅብና ስለ አህያ ተረት ይነግሩን ጀመር። በአማርኛ ተረት ደግሞ ጅብ «አያ ጅቦ» ነው። ከክፍሉ ግማሹ እናት ጅብ መስሎታል። መምህሩ፣ አያ ጅቦ ጺሙን እየጠረገ መጣ ሲሉ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ እናትየዋ ለምን ጺም አበቀለች ሲል ጠየቀ። መምህሩ አያ ማለት ታላቅ ወንድ ማለት ነው ብለው ቢያስረዱም የሚሰማቸው አልነበረም፤ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን ያይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሊወስደኝ በር ላይ ሲደርስ «አያን ቴ ዱፍቴ» ይሉኛል። እናትሽ መጣች ማለት ነው። እናትሽ መባሉን እንኳ ችዬው ነበር፤ አንጀቴን የምታቃጥለው «መጣች» የምትለዋ ነበረች።

እኔ ደግሞ ብስጩ ነኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ገባሁና «አባባ» አልኩት። ከቃሉ ጋር አንቱታው አብሮ መጣ። አያ ስለው አንተ ብዬ ነበር የማነጋግረው፤ አባባ ስል ግን አፌ አንተ ማለትን እምቢ አለ። አባቴ የክትባት ሳጥኑን እያጠበ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «በአንድ ቀን እንዲህ አረጀሁ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ በኋላ ሊወስደኝ ሲመጣ በሩ ድረስ መምጣቱን ተወና ራቅ ብሎ ግራሩ ሥር ይጠብቀኝ ጀመር። እዚያ ቁም አላልኩትም፤ ና ቅረብም አላልኩትም።

ነገሩ ሸንጎ የቀረበው ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ባለሱቁ ጉራጌ ናቸው፤ በሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ ሳይሾሙ ይዳኙ ነበር። ስኳር ልገዛ ብሄድ አባቴ፣ የአማርኛ መምህራችንና ከሞያሌ ዕቃ የሚያመላልስ አንድ የሶማሌ ሾፌር ተቀምጠው ስለ አያ ይከራከራሉ። መምህሩ እናታቸው የትግራይ ሰው ስለነበሩ፣ በትግርኛም አያ ታላቅ ወንድም ነው ብለው የሰሜኑን ወገን ደገፉ። ሾፌሩ በሶማልኛ «አዬዮ» ሴት አያት ናት ብሎ የደቡቡን ወገን ያዘ። ባለሱቁ በእኛ እናት «አዶት» ናት፣ አያ የሚባል አናውቅም፤ ነገር ግን ሐረር የሚነግድ ወንድሜ እንደሚለው ሐረሪዎች እናትን «አይ» ይላሉ አሉ። መምህሩ ሕፃን አፉ ላይ የመጣለትን ድምፅ ያሰማል፣ ትርጉሙን የሚሰጡት ትልልቆቹ ናቸው፣ ስለዚህ ተመሳሰለ ተብሎ ዘመድ ነው አይባልም ሲሉ ተቃወሙ። ባለሱቁ ግን ፍርዳቸውን አዘጋጅተው ጨርሰው ነበር።

«ቃሉ አንድ ነው» አሉ። «ከሰሜን ሲነሳ ሱሪ ለብሶ ነበር። ቦረና ሲደርስ ሞቀውና ቀሚስ ለበሰ። ሞያሌ ኬላውን ሲያልፍ ደግሞ አረጀ።»

ሾፌሩ በሳቅ ሻዩን ደፋው። ባለሱቁ ወደ አባቴ ዞር ብለው፣ ለመሆኑ አንተ አሁን የትኛው ነህ አሉት። አባቴ ብርጭቆውን እያየ «እኔ አሁን አባባ ነኝ» አለ። «አድጋለች።» በቅሬታ አልነበረም ያለው፤ በቅሬታ ቢለው በተሻለኝ። ስኳሬን ይዤ መንገዱን በሩጫ ተሻገርኩ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ጥፋትን ከማመን ስኳር ተሸክሞ መሮጥ ይቀላል።

ኮሌጅ የገባሁት ቋንቋ ልማር ነው። አማርኛና ትግርኛ በአንድ ወገን፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በሌላ ወገን መሆናቸውን፣ ራቅ ብለው ሲታዩ ግን ሁሉም የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን እዚያ ተማርኩ። አያ ከየት እንደተነሳ የሚነግረኝ ሰው ግን አላገኘሁም። ራሴው አንድ ነገር አስተዋልኩ። አማርኛችን አያን ለወንድ ብቻ ቢሰጥም «አያት» ሲል ሴትም ወንድም ይሁኑ ግድ የለውም። የአባቴም እናት አያቴ ናቸው፣ የአባቴም አባት አያቴ ናቸው። ይህን ያስተዋልኩ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ማታ ለአባቴ ደውዬ በዝርዝር ነገርኩት። እሱም ተደስቶ ብዙ ጠየቀኝ። ስንሰነባበት ግን «እንግዲህ ደኅና ይደሩ፣ አባባ» ነው ያልኩት። ስለ ቃሉ ሩብ ሰዓት አውርቼ በቃሉ ልጠራው አልቻልኩም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፍ የቀረውም ሩቅ እንደሚሄድ ያን ጊዜ አወቅሁ። ብመልስለት እንዴት ደስ እንደሚለው አውቃለሁ፣ መመለስም እፈልጋለሁ፤ ግን ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር የአምስተኛ ክፍል እብሪቴ ቀድሞኝ ይናገራል።

ተመርቄ ሜጋ ከተማ አስተማሪ ሆንኩ፤ እዚያ የቦረና ልጅ የሆነ የሒሳብ መምህር ወደድኩ። የሃይማኖቱን ንትርክ ሁለቱ ቤቶች ቀድመው ጨርሰውት ስለነበር የቀረው የሽማግሌው ነገር ብቻ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች ከሜጋ ነጌሌ ድረስ መጡ። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ ለቀኑ አዲስ ጋቢ ለብሷል። በእናቴ ቦታ የምትቀመጠው አክስቴ ነበረች፤ ሦስት ቀን በአውቶቡስ ተንከራታ፣ ሐበሻ ቀሚሷን በፌስታል ጠቅልላ ከጎጃም የመጣችው ለዚሁ ነው። ኦሮምኛ አንድም ቃል አልቀራትም ነበር። በዚያ ሁለት ዓመት የተማረችውን ሁሉ ረስታው፣ የቀራት የራሷ አማርኛ ብቻ ነው። ታላቁ ሽማግሌ ገብተው «ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ሲሏት፣ ነጋ ወይ ያሏት መስሏት፣ ኧረ ነግቶ ተሲያት ሆኗል ብላ መለሰችላቸው።

እኔ በደንቡ መሠረት ጓዳ ነኝ። በመጋረጃው ስንጥቅ ግን የአባቴን ጉልበትና የሽማግሌውን ብትር አያለሁ። ጥያቄው ቀረበ፣ አባቴ ትንሽ አስለመነና ሰጥቻለሁ አለ። ከዚያ ታላቁ ሽማግሌ ኦሮምኛ በሚጫነው አማርኛቸው «አባ ሰጡን» አሉ። «አያስ?»

እናትየዋስ ምን ትላለች ማለታቸው ነው። አክስቴ ግን የሰማችው በራሷ ቋንቋ ነው፤ ጥያቄው ግራ ገብቷት ወደ አባቴ ጠቆመች። አያማ ይኸው ፊትዎ ተቀምጧል አለች። ሽማግሌው እሳቸው አባ ናቸው፣ እኔ የምጠይቀው አያን ነው ብለው በትዕግሥት መለሱላት። አክስቴ ጆሮ የከበዳቸው መሰላትና ድምጿን ከፍ አድርጋ «አያ እሱ ነው። ሌላ አያ የለንም» አለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢውን አፉ ውስጥ ሲጎስር አየሁት። ወንድሜ ሊስቅ ወደ ውጭ ወጣ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ይቅርታ ያድርጉልን፣ የቋንቋ ነገር ነው፣ በእኛ አገር ይህ ቃል ሌላ ነው ብሎ ሊያስረዳ ጀመረ። የልጅቱ እናት በሕይወት የለችም፣ በእሷ ቦታ ያለችው እህቴ ናት እያለ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ይህን ተናግሮ ከጨረሰ ቃሉ ስህተት ሆኖ ይመዘገባል፤ የዚያን ሁሉ ዓመት ሹሩባ፣ ትኩሳት፣ ወተትና ሩጫ ስህተት ነበር ብለን ተሳስቀን እንለያያለን። ስህተት ደግሞ አልነበረም። ደንቡን ረሳሁት፤ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«አያ» አልኩት፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ። «ተው፣ አታስረዳ።» አንቱታው የት እንደገባ አላውቅም። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሬ፣ እንዳይሳሳቱብኝ በኦሮምኛቸው «አያን ቲያ ኢሳ» አልኩ። እናቴ እሱ ነው።

አክስቴ ምን እንዳልኩ ባይገባትም እኔም ይህንኑ ነበር የምለው አለች። ታላቁ ሽማግሌ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ከዚያ ከጓዳ በመውጣቴ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ብትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው መሬት አስቀመጡ። ወደ አባቴም ጎንበስ አሉ።

«የአባትነቱን ሰማን» አሉ። «አንቱ በእናትነትዎስ ምን ይላሉ?»

አባቴ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ከፍ አደረገ።

«በአባትነቴ ሰጥቻለሁ» አለ። «በእናትነቴ ግን ትንሽ አልቅሼ ነው የምሰጣት።»

ሽማግሌዎቹም ጠበቁት።