ለይመር የደገስኩት እራት

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ሰናይት ስልኳን እየነካካች፣ «እትዬ፣ አንድ ዘፋኝ እራት ይጋብዙ ቢባሉ ማንን ይጠራሉ?» አለችኝ። ላሊበላ ባለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ጓደኞቿ በስልክ የሚጠያየቁት ጨዋታ ነው አሉ። እኔ ግን ምስሩን አስቀመጥኩ። እኔ እኮ ጠርቼ አውቃለሁ።

ያደግኩት ወሎ፣ ፍላቂት የምትባል ከተማ ነው። አባቴ ገብስ ያርሳል፣ እናቴ ጠላ ትጠምቃለች፤ እኔ ደግሞ በሬዲዮ የምሰማውን ይመር የሚባል ዘፋኝ በሐሳቤ እራት አበላለሁ። የጅል ነገር ነው፤ ግን ውሃ ስቀዳም ሽንኩርት ስከትፍም ድግሱ አይቋረጥም። አባቴ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፣ የበግ ወጥ አወጣለሁ፣ ጠላ እቀዳለታለሁ፣ መጨረሻ ላይ በገዛ እጄ አጎርሰዋለሁ። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅብኝ ነበር። ወጥ ባሳረርኩ ቁጥር እናቴ «ዛሬ ደሞ ይመር ምን በላ?» እያለች ትቀልድብኛለች።

አንድ ጥቅምት፣ ገብሱ እሸት በያዘበት ሰሞን፣ ወደ ጎንደር የሚሄድ የሙዚቀኞች አውቶቡስ እኛው ከተማ መሐል ተበላሽቶ ቆመ። ይመር ውስጡ ነበር። አባቴ ወሬውን እንደሰማ ለእኔ ሳይነግረኝ ሄደና፣ ጥገናው እስኪያልቅ ዘፋኙን ቤታችን እንዲያመጣው ሾፌሩን ለመነው። ተመልሶም ለገና ያሰበውን ሙክት አረደ። አባቴ ፍቅሩን በአፉ የሚናገር ሰው አልነበረም። ማን እንደሚመጣ ሲነግረኝ፣ ያን ቀን ወጡን ሳላሳርር ሠራሁ።

ይመር አመሻሹ ላይ መጣ። ቀጠን ያለ፣ የኛ ብርድ ያልተስማማው፣ ጨዋ ሰው ነው። ልክ እንደ ሐሳቤ አባቴ አጠገብ ተቀመጠ። እጁን ታጥቦ ወጡን ሲያይ ሳይቆርስ ቀረ። አባቴ «በሞቴ ብላ» ቢለው ፈገግ ብሎ አቀረቀረ። ያፈረ መሰለኝ። ከሥጋው መርጬ ጠቀለልኩና እጄን ዘረጋሁ።

«እህቴ፣ እኔ እስላም ነኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

በኛ አገር ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፤ እስላም ያረደውንም ክርስቲያን። ሠርግ ሲደገስ ለእስላም እንግዶች የራሳቸው ሰው ያርዳል፣ ድስቱም ለብቻ ነው። ይመር የሚለው ስም ደግሞ በወሎ የሁለቱም ነው። ስለዚህ እንግዳ ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ እኛ ግን አልጠየቅንም። እኔማ በሐሳቤ ስንት ጊዜ አብልቼው፣ አይበላም ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

አባቴ ቀና ማለት አቃተው። «ምነው ልጄ፤ ሸሁ ጎረቤታችን ናቸው እኮ፣ ቢስሚላህ ብለው ያርዱልን ነበር» አለ። ይመር ከሱ ብሶ ተጨነቀ፤ እንደሚታረድለት አላወቀም ነበር። ጠላውንም አይጠጣ። እናቴ በአዲስ ድስት ሽሮ ልትሠራለት ተነሣች፤ ውሃው ሳይፈላ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተነፋ።

ይመር መደቡ ላይ የተጠበሰ የገብስ እሸት አይቶ እፍኝ አነሣና ቆሞ በላ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቤታችንን መረቀ፤ አባቴና እናቴ አሜን እያሉ ተቀበሉ። ያው በሬዲዮ የማውቀው ድምፅ ነበር። እኔ አሜን አላልኩም። ጉርሻው እጄ ላይ ቀዝቅዞ፣ ልመልሰው ወይ ልብላው ግራ ገብቶኝ ቆሜ ነበር።

ሰናይት ይህን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ሳቋን ዋጠችው። ይመር ካረፈ ቆይቷል፤ አባቴም እንዲሁ። እኔ ግን ድግሱን አላቆምኩም። አሁንማ አስተካክዬ ነው የምደግሰው፤ ሸሁ ያርዳሉ፣ ድስቱ አዲስ ነው፣ በጠላው ፈንታ ሻይ አፍልቻለሁ፣ አባቴም ቀና ብሎ ተቀምጧል። ይመር እጁን ታጥቦ ይቀርባል። እኔም ጠቅልዬ እጄን እዘረጋለሁ፤ ጉርሻው አፉ ሳይደርስ ግን ጥሩምባው ይነፋል።